የጠባይ ቤት

አማርኛችን ጠባይን ከአንገት በታች ያኖረዋል። ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፣ ለቅያሜ የሚቸኩለውን «ሆደ ባሻ»፣ ደፋሩን «ልበ ሙሉ»፣ ርኅራኄ የራቀውን «ልበ ደንዳና» እንለዋለን። ጭንቅላትን የምናነሣው ለትምህርትና ለስሌት ነው።

እኔ በአዳሚ ቱሉ በባንክ መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ። ሲስተም በተቋረጠ ቁጥር ከሰልፈኛው መካከል ሆደ ሰፊውና ሆደ ባሻው ወዲያው ይለያሉ። ከመስታወቱ ወዲህ የተቀመጥሁት ደግሞ «ዝምተኛው» ነኝ፤ ከልጅነቴ አንሥቶ የወጣልኝ ስም ነው።

የአንጎል ተመራማሪዎች ግን የጠባይን ቤት ወደ ላይ አነሡት። እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ፣ በቬርሞንት፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ የነበረውን ፊንያስ ጌጅን በባሩድ ፍንዳታ የተወረወረ የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣበት፤ የአንጎሉንም የፊት ክፍል ጎዳው። ሰውየው ተረፈ፤ መናገርም ማስታወስም አልተሳነውም። ይሁን እንጂ ያ ጭምትና ጥንቁቅ አለቃ ተሳዳቢና ወላዋይ ሆነ። ወዳጆቹም የሚያውቁት ጌጅ እንዳልሆነ መሰከሩ።

ታዲያ ጠባይ በሥጋ ላይ የተጻፈ ከሆነ፣ ዝምተኛ እስከ ዕለተ ሞቱ ዝምተኛ ነውን? መልሱ በዚያው ሰው ቀሪ ዘመን ይገኛል። ጌጅ በኋላ ወደ ቺሊ ተሻግሮ ለዓመታት በፈረስ የሚሳብ የመንገደኞች ሠረገላ ነዳ። ይህም ትዕግሥትና ትኩረት የሚሻ ሥራ ነው። ከዚህ በመነሣት፣ ያጣውን ጠባይ ብዙውን መልሶ ሳያገኘው አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ለልጆች የጠባይ ስም ስናወጣ እንጠንቀቅ። «ሆደ ባሻ» ያልነው ልጅ ገና ተሠርቶ አላለቀም።