ቆይቶ የተነሳ ጀነሬተር

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ጎዳና ሱቅ ያለው የኛ ሰው ጀነሬተሩን የረሳው የደቡብ አፍሪካው የመብራት ድርጅት ኤስኮም በማርች 2024 የመብራት ፈረቃውን ሲያቆም ነው። በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ፈረቃው ብቅ ሲልስ? ሞተሩ ይነሳል፤ ግን ይንገጫገጫል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል። ባለሱቁም «ኖዝሉ አለቀለት!» ብሎ ኪሱን ይዳብሳል።

ኧረ ረጋ በል ወንድሜ፣ ከውዱ አትጀምር! ጠጅ ቢቆይ ይበስላል፤ ናፍጣ ቢቆይ ይበላሻል። ታንከሩ ውስጥ እርጥበት ውሃ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ዝቃጫቸውም ፊልትሮውን ይደፍናል። እናም ውሃውን ከሥር አፍስስ፣ ናፍጣውን ለውጥ፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ከመስመሩ አየሩን አስወጣ። ኖዝሉን የምትጠረጥረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከዚያስ? መብራት ኖረም አልኖረም፣ በየወሩ ጭነት ሰጥተህ አስነሳው።