ቁራጭ ቪዲዮ ሲቀጠል



በአሁኑ ጊዜ ቪዲዮ መቅረጽ የማይችል ሰው ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ልቅሶውም በእጅ ስልክ ይቀረጻል። ለመሆኑ ከተቀረጸ በኋላ ምን ይሆናል? አብዛኛው እዚያው ስልኩ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፤ ስልኩ ሲሰረቅም አብሮ ይሄዳል። ተቀናብሮ ታሪክ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ቁራጭ ቪዲዮዎችን ቀጣጥሎ የቤተሰብ ፊልም ስለ መሥራት፣ በተለይም ቅደም ተከተል ምን ያህል ኃይል እንዳለው፣ በራሴ ቤት ከገጠመኝ ተነሥቼ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። እናታችን በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ታመው በሰኔ ሲያርፉ፣ አሠሪዎቿ ስላልፈቀዱላት ለቀብር መምጣት አልቻለችም። እዚያው ያሉ ጓደኞቿ እሑድ ጠዋት ተሰባስበው መርዶ አረዷት። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «እማዬ በመጨረሻ እንዴት ነበረች?» በአፍ ብነግራት፣ ደጋግሜ ብነግራት፣ አልረካ አለች። ስለዚህ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ በቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ያለውን ሰብስቤ አንድ ፊልም ላዘጋጅላት ቃል ገባሁ።

የተገኘው 61 ቁራጭ ነበር። አንዳንዱ 8 ሴኮንድ፣ አንዳንዱ 6 ደቂቃ፤ ገሚሱ የተንቀጠቀጠ፣ ገሚሱ ጣት የጋረደው። በመጀመሪያ አንድም ሳልቆርጥ ሁሉንም አየሁና በደብተር መዘገብኩ፤ መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንዳለበት፣ ምን ድምፅ እንደሚሰማበት። ይህ ምዝገባ አሰልቺ ቢመስልም ሥራውን በግማሽ የሚያቀልለው እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የቱ ይቅደም?» የሚለው ነው። ፊልም ሲጀመር ይህ ጥያቄ አልነበረም። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ያሳዩአቸው 10 ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም ነበር። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ ያየውን ያሳያል፤ በቃ። ኋላ ግን ሠሪዎቹ አንዱን ቁራጭ ከሌላው መቀጠል ሲጀምሩ አዲስ ነገር ተገኘ። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም መምህር ያደረገው ሙከራ በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይነገራል። የተዋናዩን የኢቫን ሞዡኺንን ፊት ከሾርባ ሳህን ጋር ሲቀጥለው ተመልካቹ «ርቦታል» አለ፤ ያንኑ ፊት ከሬሳ ሣጥን ጋር ሲቀጥለው «አዝኗል» አለ። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። እንግዲህ ትርጉሙን የሰጠው ቁራጩ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው ማለት ነው።

ይህ ኃይል በእኛም ቤት ጣጣ አመጣ። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ የተቀረጸች 20 ሴኮንድ የማትሞላ ቁራጭ አለች። እማዬ ዶሮ ወጥ ሲያማስሉ ካሜራውን ያዩና «ወግድ! ወጡ ሳይደርስ ምን ትቀርጸኛለህ?» ብለው ከት ብለው ይሥቃሉ። ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና «ይቺን መጨረሻ ላይ አድርጊያት፤ የታመሙበትን በሙሉ አውጪው። ብቻዋን እዚያ ሆና ምን ታድርገው? እየሣቁ እንደሄዱ ትወቅ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። የሚወዱትን ሰው ከኀዘን መከለል ወጋችን ነው።

«ጋሼ፣ መርዶ ይዘገያል እንጂ አይዋሽም» አልኩት። ተከራከርን፤ አመሸን። በመጨረሻ የለየልን እናታችንን ያስታመሙት አክስታችን ናቸው። «ልጅቷ የምትጠይቀው ሕመሙን መሰላችሁ? ሰው ከጎኗ ነበር ወይ ነው የምትለው» አሉን።

እውነት ነው! ፊልሙ የሚመልሰው ጥያቄ ተገኘ ማለት ነው፤ እናታችን ብቻቸውን ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ጥያቄው ከታወቀ በኋላ መምረጡ ቀለለ። አክስቴ ፀጉራቸውን ሲያበጥሩላቸው፣ ጎረቤት አጥሚት ይዛ ስትገባ፣ ጋሼ እግራቸውን ሲያጥብ፣ የእድር ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ፤ እነዚህ ገቡ። ሕመሙ የጠናባቸውና ራሳቸው እማዬ «አታንሡኝ» ያሉባቸውን ሁለት ቁራጮች ተውኳቸው። ልብ በሉ፤ መተው ሌላ፣ ማዛወር ሌላ ነው። የሰውን ገመና መተው ጨዋነት ነው፤ የፋሲካን ሣቅ ወስዶ ሰኔ ላይ መለጠፍ ግን ያልነበረ ነገር መፍጠር ነው። የሣቋ ቁራጭ በቦታዋ ገባች፤ ከሥርዋም «ፋሲካ 2014» ብዬ ጻፍኩባት።

ስለ አሠራሩም ትንሽ ልጨምር። መጀመሪያ መንገዱንና የግቢውን በር ከሩቅ አሳየሁ፤ እህቴ የት እንዳለች እንድታውቅ። ከዚያ ወደ ቤቱ፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ እጅ ቀረብኩ። ቡና ሲወቀጥ የሚሰማውን ድምፅ ከሥዕሉ ትንሽ አስቀድሜ አስገባሁት፤ ጆሮ ቀድሞ ሲገባ ዓይን አይደነግጥም። የአልቃሾችን ፊት አላበዛሁም። ሙዚቃም አልጨመርኩበትም፤ የቤቱ ድምፅ ይበቃል። ከ61ዱ ቁራጭ 23ቱ ቀሩ፤ ፊልሙም 14 ደቂቃ ሆነ።

ጋሼን በጣም ያሳሰበው የግንቦት 2015 ቁራጭ ነበር። እማዬ ተኝተው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ዛሬ ደወለች?» ብለው ይጠይቃሉ። አክስቴ «ደውላለች፤ ሰላም ናት» ይላሉ። እውነትም በዚያን ቀን ደውላ ነበር። እሱም በቦታው ገባ።

በቴሌግራም ላክሁላት። እሑድ ዕለት ከጓደኞቿ ጋር አይታው ማታ ደወለች። «የፋሲካዋን ሦስት ጊዜ መልሼ አየኋት። ‹ደወለች?› ያለችበት ጋ ስደርስ አቁሜ አለቀስኩ። አሁን ግን አወቅሁት፤ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም» አለችኝ። እንዳለችውም አልጠየቀችኝም። አሁን ስንነጋገር ስለ እማዬ ወጥ፣ ስለ ቁጣቸው፣ ስለ ቀልዳቸው እናወራለን።

ጓደኞቼ ዕጩ መምህራን! ነገ ክፍል ስንገባ ይህ ነገር ይጠቅመናል። ስልክ በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ አራት ሥዕል በወረቀት ሥሎ ተማሪዎች ቅደም ተከተሉን እንዲቀያይሩ ማድረግ ይቻላል። «አሁን ታሪኩ ምን ሆነ? እውነቱስ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሕፃናቱ ሥዕል ሲዛወር ነገር እንደሚለወጥ በእጃቸው ካወቁ፣ አድገው በየስልካቸው የሚደርሳቸውን ሁሉ ዝም ብለው አይውጡትም።

እናንተም በየስልካችሁ ያለውን ዛሬውኑ ተመልከቱ። ቀኑን ጻፉበት፤ በቦታው አስቀምጡት፤ ለሚጠብቀው ሰው ላኩለት።