ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ

የማታ ትምህርት ስንት ያስከፍላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የክሬዲት ሰዓት ሒሳብ ነው። እሱማ ይታወቃል፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ደረሰኝ የማይቆረጥለት ሌላ ክፍያ አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አንዲት እናት ከቤቷ ስትጎድል እራቱን ማን ያቀርባል? የልጁን ደብተር ማን ያያል? በሩን ማን ይከፍታል? በእኛ ቤት ለሦስቱም ጥያቄ መልሱ «አማቴ» የሚል ነበር። ስለዚህ ስለ ኮምፒውተር ትምህርቴ ልጽፍ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ስለ እሳቸው መጻፍ እጀምራለሁ።

ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቂቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ አራተኛ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል ውስጥ አስገባለሁ፣ ሲፈለግ ደግሞ አወጣለሁ።

ኮምፒውተር ሳይንስን የመረጥኩት የዘመኑ ትምህርት ስለሆነ አይደለም። መሥሪያ ቤታችን የድሮ ፋይሎችን ማደራጀት ሲጀምር፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተተየቡ ደብዳቤዎች ያሉባቸው ሲዲዎች ከመሳቢያ ወጡ። ሲከፈቱ አማርኛ የለም። የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት መዓት ተደበላልቆ ስክሪኑን ሞልቶታል። ከመካከላቸው ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀራቸው የአንድ ጥበቃ የደመወዝ ዕድገት ደብዳቤ ነበረበት፤ የወረቀቱ ቅጂ ቢሮ ስንቀይር ጠፍቷል። ሰውየው በየጠዋቱ ብቅ ይሉና «ልጄ፣ ተገኘ?» ይሉኛል። ተገኝቷል፤ የሚያነበው ግን የለም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። የሆነ ነገር ጭኖ፣ የሆነ ነገር ነካክቶ፣ ሻይዬን ሳልጨርስ ደብዳቤው ጥርት ብሎ በአማርኛ ወጣ። ምን አድርገህ ነው ብዬ ብጠይቀው «ፎንቱ እኮ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጥበቃው ደስ ብሏቸው መረቁን። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት መዝገብ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ።

ማታ ልማር ነው ስል ቤት ውስጥ ማንም አልተቃወመም። ይህ ራሱ አሳሰበኝ። አልተቃወሙም ማለት ሒሳቡን አስልተውታል ማለት አይደለምና። አንድ እሑድ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ባለበት፣ ወረቀት አወጣሁ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ያለ ወረቀት አይሆንለትም። ቀኖቹንና ሰዓቶቹን አሰመርኩና በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የሰው ስም እንጻፍ አልኩ።

ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ወረቀቱን አየት አድርጋ «ሴት ልጅ እያለችሽ ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። በቅንነት ነው፤ በብዙ ቤት የሚደረገውም ይኸው ነው። እናት ስትወጣ የእናት ሥራ ሳይነገር ወደ ሴት ልጅ ይሻገራል፤ ወንዱ ኳሱን ያያል። እኔ ይህን ነገር አልወደውም። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። ፈተናው በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደከበደ ልጅ ያስፈተነ ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ ዲግሪ በእሷ ውጤት አይከፈልም አልኩ። የእሷ ስም የተጻፈው ቅዳሜ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከታናሽ ወንድሟ ጋር እኩል።

ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ የሚገባበት ሰዓት አይታወቅም። አማቴ ሁሉንም ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «የእኔን ስም ጻፊው» አሉኝ።

«የትኛው ቀን ላይ፣ እማማ?»

«ሁሉም ላይ።»

እሳቸው እኛ ዘንድ የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነበር። ሕክምናው አልቋል። ልጃቸውና እድራቸው ወዳሉበት ወደ ደብረ ብርሃን ሊመለሱ ጓዛቸውን እንኳ ሸካክፈው ነበር። «አንድ ዓመት እቆይልሻለሁ» አሉኝ። የማታው ፕሮግራም አምስት ዓመት ነው። እሳቸው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሁለታችንም መደመር እናውቃለን፤ ያን ዕለት ግን ሁለታችንም ዝም አልን።

ይህን የሚያነብና እንደ እኔ የሚያስብ ወላጅ ካለ፣ ከመመዝገቡ በፊት ሁለት ነገር ያጣራ። አንደኛ፣ እውቅና ለኮሌጁ ስም ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ለትምህርት ዘርፉና ለካምፓሱም ተለይቶ ነው። ማስታወቂያውን ሳይሆን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሰው የመውጫ ፈተና አለበት። ክፍያ ስለከፈሉ ብቻ ዲግሪ ይዞ መውጣት ቀርቷል። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ያስፈራል፤ እኔ ግን ደግ ሆነ ባይ ነኝ። የቤተሰቤ ምሽት የሚከፈልበት ወረቀት ዋጋ ያለው ይሁን።

ክፍሉ ውስጥ አብዛኞቹ ተማሪዎች ከሃያዎቹ ዕድሜ አላለፉም። ባንክ የሚሠሩ፣ ሞባይል የሚጠግኑ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት «ማዘር» የሚል ስም አወጡልኝ። መምህሩ ራሱ ልጅ እግር ነው፤ እኔ «መምህር» እለዋለሁ፣ እሱ «እርስዎ» ይለኛል፣ ተማሪው ይስቃል። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ቋንቋ ሲያስጀምረን፣ ትእዛዝ ሁሉ መጨረሻው ላይ ነጥብና ሰረዝ ያላት ምልክት ካልተደረገችለት ማሽኑ አይቀበልም አለ። ወጣቶቹ ለዚህች ምልክት በጣም ይማረራሉ። እኔን አላስቸገረችኝም። ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ ስመልስ ነው የኖርኩት።

ከሁሉ የያዘኝ ኮምፒውተር ፊደልን እንዴት እንደሚያስቀምጥ የተማርንበት ሳምንት ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ በየራሳቸው መንገድ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው ሲከፈት የሚታየው የቦታው ባለቤት ላቲኑ ነው። የጥበቃው ደብዳቤ ነገር ይኸው ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ቢያስረዳኝ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር፤ ግን ባያስረዳኝም ደግ አደረገ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ የቁጥሩን ሰንጠረዥ በደብተሬ እየገለበጥኩ ነበር። «ሀ» 4608 ነው። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይሄዳል። «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ከላዬ ቆመው ያያሉ።

«ሀ ሰባት ልጆች ነው ያሏት። ለምን ስምንት ዘለልሽ?»

ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠ ነው አልኳቸው። ስምንተኛዋ እንደ «ሏ» እና እንደ «ሟ» ላሉት ናት።

«ዲቃላዎቹንም አልረሷቸው» አሉና ተቀመጡ።

ልጄ በዚያው ሰሞን ማካፈል ላይ ተቸግሮ ነበር። ከሰንጠረዡ ጨዋታ ወጣለት። አንድ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ 4634 እንበል። 4608ን ይቀንሳል፤ 26 ይቀረዋል። 26 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 2 ይተርፋል። ሦስት ቤት ይዘላል፤ ሀን፣ ለን፣ ሐን። መ ቤት ይገባል። ከዚያ ሁለት ፊደል ይዘላል፤ መንና ሙን። መልሱ «ሚ» ነው። እስከ «ቀ» ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ የነ«ቈ» እና የትግርኛው «ቐ» ቤት መሐል ስለሚገባ ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጁ ቁጥሩን ያሰላል፣ አያቱ ፊደሉን ይጠራሉ። እኔ ማታ ክፍል በምሆንበት ሰዓት ሁለቱ ይህን ይጫወቱ ጀመር።

አንድ ዝናባማ ማታ ታክሲ አጥቼ ቤት የደረስኩት ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ልጁ እሳቸው ጭን ላይ ተኝቷል፤ እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ናቸው። ሾርባ አሞቁልኝና እስክበላ አጠገቤ ተቀመጡ። ፊደል እንዴት እንደተማሩ የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። በልጅነታቸው ወንድሞቻቸው የኔታ ዘንድ ሲቆጥሩ ከአጥር ውጪ ሆነው በጆሮ ይዘውታል። በዓይናቸው ያዩት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። የሚማሩት ማታ፣ በማሾ ብርሃን ነው።

«ልጆቹን ማን ይይዝልዎት ነበር?» አልኳቸው።

«አማቴ ናታ። ባልሽን ታቅፋ የምትጠብቀኝ እሷ ነበረች። ደግ ሴት ነበረች። ኋላ አመማትና ተኛች፤ እኔም ቀረሁ። ማንበቡን ይዤዋለሁ፤ ሒሳቡ ላይ ሳልደርስ ቀረሁ።»

ቅሬታ የለበትም፤ እንደ ወሬ ነው ያወሩት። ሳህኑን አንስተው ሄዱ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሳጥኖቹን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። አምስቱም ቀን ላይ አንድ ስም ነው ያለው። ደብረ ብርሃን ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሳቸው ግን በዚያ ዓመት ሁለት ለቅሶና አንድ ሰርግ ቀርተውብኛል። አንድ ዓመት ብለው የገቡልኝ ቃል ሊያልቅ ነው፤ እሳቸው በራሳቸው አፍ «ጨረስኩ» የሚሉ ሴት እንዳልሆኑም አውቃለሁ። እንደዚህ ያለ አያት በቤታችሁ ካለ የምለው ይገባችኋል። ካልጠየቅናቸው ዝም ብለው ይቀጥላሉ፤ እኛም ዝምታቸውን ፈቃድ እያልን እንኖራለን።

ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር በሴሚስተር የምወስደውን ኮርስ ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ አደረግሁ። ማታው ከአምስት ወደ ሦስት ወረደ፤ አምስት ዓመት የነበረው ወደ ሰባት ተጠጋ። ባለቤቴ ሰኞና ረቡዕ ማታ እንዲገባ ከአለቃው ጋር ተነጋገረ፤ ዓርብን እህቴ ያዘችልን። ሽሮው በመጀመሪያው ወር እንደ ውኃ ቀጥኖ ነበር፤ አሁን የልጆቹ አባት ከእኔ ይበልጥ ይወፍርለታል፤ እኔም አልከራከርም። የክፍሌ ልጆች «ማዘር፣ እኛ ተመርቀን ማስተርስ ስንይዝ እርስዎ እዚሁ ነዎት» እያሉ ያሾፉብኛል። ይሁን። መሥሪያ ቤት የድሮዎቹ ሲዲዎች ሲመጡ አሁን የሚጠራ ሰው የለም፤ እኔ እከፍታቸዋለሁ።

ወረቀቱን ሳሳያቸው አማቴ መጀመሪያ ተቆጡ። «አባረርሽኝ?» አሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሳጥን በጣታቸው እየነኩ አነበቡት፤ የልጃቸውን ስም ሁለት ቦታ ሲያገኙ ቆም አሉ። «ይችላል እንዴ?» አሉኝ። ይችላል አልኳቸው። መስቀልን ከኛ ጋር ዋሉና ሄዱ። ልጁ ለሦስት ቀን አኮረፈን።

አሁን ረቡዕና ዓርብ ማታ፣ እኔ ክፍል እያለሁ፣ ይደውልላቸዋል። ያለፈው ረቡዕ ስገባ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ነበር።

«4641፣ እማማ። ራስዎ ያስሉት፣ እኔ አልነግርዎትም።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎታል። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል፤ እርሳስም ሲጭር። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ልጁ ሊናገር ሲል ከንፈሩን በጣቴ ያዝኩት።

«ሠላሳ ሦስት ቀረኝ» አሉ። «አራት ደረሰው፣ አንድ ተረፈኝ።» ዝም አሉ፤ ቤቶቹን ሲቆጥሩ ነው። «ንጉሡ ሠ። ካዕብ። ሡ!»