ከአሜሪካ የሚጠበቀው አጎት

ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳ «አጎቴ ዡል» የምትባለውን አጭር ልቦለድ በ1883 እ.ኤ.አ. ጎልዋ በተባለ የፓሪስ ጋዜጣ ላይ አወጣት። ለጋዜጣ የተጻፈች ናትና ቡና እስኪፈላ ታልቃለች። ያነበባት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ፍርድ ሰጥቶ ነው የሚነሣው፤ እናትየዋ ጨካኝ፣ አባትየው ልፍስፍስ፣ ልጁ ደግ፣ አጎትየው ምስኪን። መዝገቡም በዚሁ ይዘጋል። እኔ ግን ይግባኝ አለኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው ሌ ሃቭር ነው፤ ወደ ኒውዮርክ የሚሄዱና ከዚያ የሚመጡ መርከቦች በሚያርፉበት የሰሜን ፈረንሳይ ወደብ። የዳቭራንሽ ቤተሰብ ደሃ የሚባል አይደለም፤ ሀብታም ቢባል ግን ሰው ይስቃል። አባትየው ከቢሮ አምሽቶ ይገባል፤ ይዞ የሚገባው ግን ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ሁለት ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴቶች ልጆችና ዦዜፍ የሚባል አንድ ትንሽ ልጅ አለው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ራሳቸው ይሰፋሉ፤ ሜትሩ አሥራ አምስት ሳንቲም በሚያወጣ ጥብጣብ ላይ የሚያነሡት ክርክር ችሎት ያስቀምጣል። ቁልፍ ከጠፋ፣ ሱሪ ከተቀደደ ቤቱ ይታመሳል። እራት የጠራቸው ሰው ቤት አይሄዱም፤ የበላ ማብላት አለበትና። ይህችኛዋን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ብድር መላሽ ላለመሆን ሲል ከድግስ ቀርቶ «አሞኝ ነበር» ያለ ሁሉ ያውቃታል።

እናትየዋ በዚህ ኑሮ ትመረራለች፤ ምሬቷንም በሽሙጥ እያደረገች ባሏ ላይ ታፈሰዋለች። እሱ ቃል አይመልስም። የሌለ ላብ እንደሚጠርግ ሁሉ መዳፉን ግንባሩ ላይ ያሳልፋል፤ አለቀ።

እሑድ ሲመጣ ደግሞ ያላቸውን ሁሉ ለብሰው ወደቡ ዳር ይንሸራሸራሉ። አባትየው ረጅም ኮት፣ ከፍ ያለ ባርኔጣ፣ ጓንት። ልክ ሊወጡ ሲሉ ኮቱ ላይ ማንም ያላየው እድፍ ይገኝና ቤንዚን በነካ ጨርቅ ይታሻል፤ ሰውየው ባርኔጣውን እንደ ደፋ በሸሚዝ ቆሞ ይጠብቃል። እናትየዋ ጓንቷ እንዳይበላሽ አውልቃ ነው የምታሸው። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ይጀመራል። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊት ይሄዳሉ። ከፊት የሆኑት አለምክንያት አይደለም፤ ለባል መታየት አለባቸው።

ሞፓሳ ይህን ዓይነቱን ቤት ያወቀው በወሬ አይደለም። ኖርማንዲ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ሌ ሃቭርም ያው ኖርማንዲ ነው። በ1872 ፓሪስ ባሕር ኃይል ሚኒስቴር ገብቶ በጸሐፊነት ዓመታት አሳልፏል፤ የደመወዝ ቀን የሚቆጥር ሰው ኮቱን እንዴት እንደሚይዝ አጠገቡ ተቀምጦ አይቷል። ከ«አጎቴ ዡል» ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1884 መጀመሪያ፣ በዚያው ጋዜጣ ያወጣት ዝነኛዋ የሐብል ታሪክም የአንድ የሚኒስቴር ጸሐፊ ሚስት ታሪክ ናት። ደሃውን ሳይሆን ደሃ መባልን የሚፈራውን ሰው እንደ እሱ የጻፈ ብዙ የለም።

ወደ ዡል እንምጣ። የአባትየው ወንድም ነው። በወጣትነቱ የራሱን ውርስ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም በልቶ፣ ወንድሙ ተስፋ ካደረገበትም ላይ አጉድሏል። እዚህ ላይ ተራኪው፣ ያደገው ዦዜፍ፣ ታሪኩን ገታ ያደርግና፣ ሀብታም ቤት ገንዘብ የበተነ ልጅ ቀበጥ ተብሎ ሲሳቅለት፣ ችግር ባለበት ቤት ያንኑ ያደረገ ልጅ ግን ወሮበላ መባሉን ይነግረናል። ልዩነቱም ትክክል ነው ባይ ነው፤ ጥፋት የሚመዘነው ባስከተለው ጉዳት ነውና። ብዙ አንባቢ ይህን የደራሲው ሹፈት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሹፈት አለበት፣ አልክድም። ሒሳቡ ግን እውነተኛ ነው። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ሴት ልጅ ወደ ባሏ ቤት ገንዘብ ይዛ ነው የምትሄደው። ዡል ያጠፋው የወንድሙ ልጆች የሚዳሩበትን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጊዜው ልማድ መርከብ ላይ አሳፍረው ወደ ኒውዮርክ ሸኙት። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ ጥቂት ማግኘት ጀምሬአለሁ፣ ወንድሜን እክሳለሁ የሚል። በዚያች ቀን ዡል ከሌብነት ወደ ጨዋነት ተዛወረ። አንድ የመርከብ አዛዥም ትልቅ ሱቅ ተከራይቶ እንደሚነግድ አወራላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤ ደረሰ። ጤናውም ንግዱም ደህና መሆኑን፣ በማግሥቱ ለረጅም ጊዜ ወደ ደቡብ አሜሪካ እንደሚሄድ፣ ለዓመታት ድምፁ ቢጠፋ እንዳይሠጉ፣ ሀብት ይዞ ሌ ሃቭር እንደሚመለስ ይናገራል። ከዚያ አሥር ዓመት ዝም።

ዝምታው በረዘመ ቁጥር ተስፋው ይወፍራል። ደብዳቤው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይነበባል። በአጎትየው ገንዘብ ከከተማው አጠገብ የሚገዛው ቤት በሐሳብ ተመርጧል። አባትየው እሑድ እሑድ ትልልቅ መርከቦች ሲገቡ ባየ ቁጥር ዡል አንዱ ላይ ቢኖርስ እያለ ያንኑ ነገር ይደጋግማል።

ታሪኩን ጨርሶ ወደዚህ ደብዳቤ የተመለሰ አንባቢ ግን ሌላ ነገር ያነባል። እንዳትሠጉ ብሎ ዝምታውን አስቀድሞ የሚያስፈቅድ ሰው ምን እየሆነ ነው? ሞፓሳ አይነግረንም። እኔ የሚመስለኝ ዡል ያን ሲጽፍ ንግዱ መንገዳገድ ጀምሯል፤ የሌለ ሀብት ከማውራት ይልቅ ያለ ዝናውን ይዞ መሰወር መርጧል። ይህን ደብዳቤ እኛ እናውቀዋለን። ከዋሽንግተንም ሆነ ከሪያድ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ካልደወልኩ እንዳታስቡ» የሚል ድምፅ የሰማ ቤት ሁሉ ከዳቭራንሽ ቤት ብዙም አይርቅም። እዚህ ያለው ሰው ያንን ድምፅ ለጎረቤት ሲያወራ ሥራ የሚለው ቃል ይደምቃል፤ ካልደወልኩ የሚለው ይዘለላል።

ታላቅየዋ ሃያ ስምንት፣ ታናሽየዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላቸው። በመጨረሻ ለታናሽየዋ አንድ ጠያቂ መጣ፤ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ገንዘብ የለውም፣ ስሙ ግን ንጹሕ ነው። ተራኪው እንደሚጠረጥረው ወጣቱን ያስቆረጠው አንድ ምሽት የታየው የዡል ደብዳቤ ነው። በሌላ አነጋገር አጎትየው ቃሉን ጠብቋል። በልቶት የሄደውን የልጅቱን መዳሪያ በወረቀት ከፍሏል።

ከሠርጉ በኋላ ቤተሰቡ ሙሽሮቹን ይዞ ወደ ጀርዚ ደሴት ይሄዳል። ጀርዚ ከፈረንሳይ ጠረፍ ቅርብ ናት፤ የእንግሊዝ ስለሆነች ግን ባሕር ተሻግሮ ውጭ አገር ደርሶ መጣ ያሰኛል፤ በትንሽ ወጪ። መርከቡ ላይ ሁለት ሸጋ ሴቶች ኦይስተር ይበላሉ፤ በቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ በጥሬው የሚመጠጥ የባሕር ምግብ ነው። ልብሱ የነተበ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ በቢላ ይከፍትላቸዋል። አባትየው ምግቡ ሳይሆን አበላሉ ማረከው። ልጆቹንና አማቹን ወስዶ ሊያስተምር ተነሣ፤ የመጀመሪያዋን ኦይስተር ውኃ ያ በቤንዚን ሲታሽ የኖረ ኮቱ ላይ ደፋው። እናትየዋ ሆዴን ያመኛል ብላ ቀርታለች። ሆዷ ያመማት ዋጋው ነው።

ሽማግሌው ዡል ነው።

አባትየው ለማረጋገጥ ወደ መርከቡ አዛዥ ይሄዳል፤ ትንሹ ዦዜፍም ይከተለዋል። በልቦለዱ ውስጥ እጅግ የምወደው ቦታ ይህ ነው። አባትየው ስለ ወንድሙ ለመጠየቅ ከጀርዚ ይጀምራል፤ ወደ ምርቷ፣ ወደ ሕዝቧ ብዛት፣ ወደ ልማዷ፣ ወደ አፈሯ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ስለ መርከቡ፣ ከዚያ ስለ ሠራተኞቹ። ልቡ የተሰነጠቀ ሰው የጂኦግራፊ መምህር ሲሆን ማየት ያስቃል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ወሬው የሰለቸው አዛዥ በደረቁ ይመልሳል፦ ሰውየው አሜሪካ ወድቆ ያገኘሁት ፈረንሳዊ ነው፣ እኔ ነኝ ወደ አገሩ የመለስኩት፣ በአንድ ወቅት ሀብታም ነበር አሉ፣ ሌ ሃቭር ዘመዶች አሉት፣ ገንዘባቸው ስላለበት ግን ወደ እነሱ መመለስ አይፈልግም።

ይግባኜ የተንጠለጠለው በዚህች የመጨረሻ ሐረግ ላይ ነው። ዡል አልመጣባቸውም። ሊመጣባቸውም አላሰበም። ዕዳውን ያልረሳው እሱ ነው፤ ኦይስተር እየከፈተ፣ ከወንድሙ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በሩን ላለማንኳኳት ራሱን ይይዛል። በዚያ መርከብ ላይ ክብሩን የጠበቀው ሰው ኮት የሌለው ነው፤ ሞፓሳም ይህን ምስክርነት በሰለቸው ሰው አፍ አስቀምጦ አንባቢው እንዲያልፈው ይፈቅዳል።

አባትየው ግን ሰምቷል። ወደ ሚስቱ ሲመለስ ምን ነገራት? እሱ ነው፣ ምን እናድርግ፤ ይኸው ነው። ሊያረጋጋት የሚችለውን አንድ ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ አስቀረው። እናትየዋ በቁጣ የምትነድደው፣ ይህ ሌባ እንደገና ሊጫንብን ነው፣ ከዳቭራንሽ ዘርም ሌላ ነገር አይጠበቅም የምትለው፣ ያ ዓረፍተ ነገር ሳይደርሳት ነው። ባልም እንደ ልማዱ መዳፉን ግንባሩ ላይ ያሳልፋል። ያቺ የሌለ ላብ የምትጠርግ እጅ እዚህ ዳግመኛ ትመጣለች፤ ስትመጣ ግን እንደ መጀመሪያው አታሳዝነኝም።

ሴትየዋ መልአክ ናት አላልኩም። ሒሳቧን ግን አብረን እንሥራ። በ1883 በፈረንሳይ ሕግ ፍቺ የለም፤ የተፈቀደው በተከታዩ ዓመት ነው። አማችየው ነገሩን ቢያውቅም ሚስቱን የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም። ታዲያ ለምንድን ነው አማቹ እንዳይጠረጥር ብላ የምትንቀጠቀጠው? ታላቅየዋን እናስታውስ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጠያቂ የላትም፣ ለእሷም የሚታይ ያው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። እናትየዋ የምትከላከለው ያልተበላውን የደብዳቤውን ግማሽ ነው። ጭካኔ አለበት፤ ግን ኮት አሺዋም፣ ቁልፍ ቆጣሪዋም፣ ሴቶቹን ከፊት አሰላፊዋም እሷ ስለሆነች የቤቱን ክፋት ሁሉ እሷ ተናገረችው። ሌሎቹ የክፋታቸውን ድርሻ በጨዋነት ዝም አሉት።

ዦዜፍንም ጨምሮ። አንድ የመቶ ሱ ሳንቲም፣ አምስት ፍራንክ ማለት ነው፣ ተሰጥቶት ሒሳቡን እንዲከፍል ይላካል። ሁለት ፍራንክ ከሃምሳ ሆነ። አጎቴ ሊለው እያማረው አንቱ ጌታዬ እያለ ጠየቀው፤ የተሸበሸበውን እጅ አየ፤ አሥር ሱ ጉርሻ ተወለት። ሽማግሌውም ለማኝ እንደሚመርቅ መረቀው። እናትየዋ ስትሰማ አብደሃል ትለዋለች። አንባቢ ሁሉ እዚህ ላይ ልጁን ያቅፈዋል። ልቡ ደግ መሆኑን እኔም አልጠራጠርም። ነገር ግን ጉርሻ የሚሰጠው ጌታ ለአሽከር ነው፤ ልጁ በአሥር ሱ ያደረገው ያንን ልዩነት ከነደረሰኙ ማጽደቅ ነው። የአዛዡንም ቃል ሰምቶ ነበር፤ እሱም ለእናቱ አልነገራትም። በእርግጥ ልጅ ነው።

በአንዳንድ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ታሪኩ ሲታተም መግቢያና መውጫው ተቆርጦ ይቀራል። ጥፋት ነው። በመግቢያው ያደገው ዦዜፍ መንገድ ላይ ለአንድ ነጭ ጺም ላለው ለማኝ ገንዘብ ይሰጣል፤ ጓደኛው ሲገረምበት ነው ይህን ሁሉ የሚያወራው። የሚሰጠው መቶ ሱ ነው። ያኔ እጁ ላይ ያስቀመጡለትን ያህል፣ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስንት ዓመት አልፎ ያንኑ ሒሳብ ይከፍላል፤ ለማያውቀው ሰው። ለአጎቱ መንገር የነበረበትን ግን ማንም ጋ አድርሶ አያውቅም።

ሲመለሱ ዡልን እንዳያገኙት በሳን ማሎ መርከብ ይሄዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ አማችየው። ስም የለውም፤ ሞፓሳ አንዲት ቃል አያናግረውም። ይህ ሁሉ ድራማ የተሠራው ለእሱ ዓይን ነው። ሰውየው ግን የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ የአለቃን ፊት እያነበበ የሚኖር። አማቱ ድንገት ባሕር አመመኝ ስትል፣ የሚስቱ አባት ቀለሙ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ትንሹ ልጅ ኦይስተር ለሚከፍት መርከበኛ ሳይታሰብ ገንዘብ ሲተው፣ በመጡበት መርከብ አንመለስም ሲባል አየ። አልገባውም ይሆን? እኔ የገባው ይመስለኛል። ግን እሱም ምናልባት ያን ደብዳቤ ለእናቱና ለአባቱ አንብቦላቸው ነበርና፣ አሜሪካ ስላለው የሚስቱ አጎት እነሱም ለጎረቤት አውርተው ነበርና፣ ወደ ቤት ሲገባ ስለ ጀርዚ የሚያወራው የሕዝቧን ብዛት ይሆናል።