ስለ እንቅርትና ስለ ሕዋስ በረኞች

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ ሁላችን እንናገረዋለን። ተረት የሚወጣው ሰው በየዕለቱ ከሚያየው ነገር ነውና፣ እንቅርት በደጋው አገራችን ምን ያህል የተለመደ ሕመም እንደ ሆነ ይህ አንድ ቃል ብቻ ይመሰክራል። እኔ ባደግሁባት በደሴም በሰኞ ገበያ ቅቤና በርበሬ ዘርግተው ከሚቀመጡት እናቶች መካከል ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሚጠመጥሙ ነበሩ። ይህም ለብርዱ ብቻ አልነበረም፤ ያበጠውን አንገታቸውን ለመሰወር ነበር እንጂ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአክስቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እርሱን ከመናገሬ በፊት ግን፣ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ እንደማደርገው፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ሰውነታችን ዓይን ሊያያቸው በማይችል ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ከስብ በተሠራ ስስ ሽፋን ተከቧል። ቅቤ የተቀባ ራስ ውኃን እንደማያስገባ ሁሉ፣ ይህም ሽፋን በውኃ የሟሟውን ጨውና ስኳር በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ በረኞች ቆመዋል። አንዱ ስኳርን ያስገባል፤ አንዱ ውኃን ያሳልፋል፤ ሌላው የማይፈለገውን አውጥቶ ይጥላል። የጥንት ነጋዴ በኬላ ሳይመረመር እንደማያልፍ፣ በሕዋስም ደጅ ብዙው ነገር ያለ በረኛ አያልፍም።

ዴንማርካዊው ሊቅ የንስ ስኩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ከእነዚህ በረኞች የአንዱን ሥራ ገለጠ፤ በ1997ም ስለዚህ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ይህ በረኛ ባለማቋረጥ 3 ሶዲየም ወደ ውጭ እያወጣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ከውጭ የተከማቸውም ሶዲየም ተመልሶ ለመግባት ይገፋል። በአንገታችን ፊት ባለው ታይሮይድ በተባለው ዕጢ ላይ የቆመው የአዮዲን በረኛ በዚህ ግፊት ይጠቀማል፤ 2 ሶዲየም ሲያስገባ 1 አዮዲን አብሮ ይስባል። በዚህም ዕጢው አዮዲንን በደም ካለው ከ20 እስከ 40 እጥፍ አድርጎ ያከማቻል። የዚህን በረኛ ማንነት ናንሲ ካራስኮ የተባለች ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 አገኘችው።

ዕጢው ከአዮዲኑ የሚሠራው ሆርሞን ለሰውነት ሙቀትና ኃይል፣ ይልቁንም ለሕፃን አእምሮ ዕድገት እጅግ አስፈላጊ ነው። አዮዲን ሲጠፋ ግን ዕጢው «ጨምረህ ሥራ» እየተባለ ከአንጎል በሚመጣለት ትእዛዝ ይፋፋል፤ እንቅርት የምንለውም ይኸው ነው። ጥፋቱ የበረኛው አይደለም፤ ከደጁ የሚደርስ አዮዲን በመታጣቱ ነው። ይኸው በረኛ በምታጠባ እናት ጡትም ውስጥ ቆሞ አዮዲንን ለሕፃኑ ወደ ወተቱ ያሳልፋል። ስለዚህ ለአንድ ጎልማሳ በቀን 150 ማይክሮግራም ሲበቃው፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ያስፈልጋል።

በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። እንደ እኛ ተራራማ የሆነችው ስዊዘርላንድ በ1922 በጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀምራ ከዚህ ሕመም ተገላግላለች። በአገራችን ደግሞ አዮዲን ያለበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ይህ መንገድ ተዘጋ። ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ቦታውን ቢተካም አዮዲን አልነበረበትም። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆነው ልጆች ከ10ሩ 4ቱ ያህል እንቅርት ተገኘባቸው። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዝ ደንብ ወጣ።

አክስቴ እንቅርታቸውን 20 ዓመት ያህል በነጠላ ሸፍነው ኖሩ። በኋላ አንዱ እብጠት እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ድምፃቸውም ሻከረ። እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አይደለም፤ የእርሳቸው ግን ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ወስደናቸው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያም ሐኪሙ ጨረር የሚያወጣ አዮዲን እንደሚሰጣቸው ነግሮ፣ አስቀድመው ለሁለት ሳምንት ያህል አዮዲን ያለበትን ጨው እንዳይቀምሱ አዘዘ።

«ልጄ፣ ብሉ እያልህ ስትለምነኝ የኖርኸውን ጨው ዛሬ ደግሞ ተዪው ትለኛለህን?» አሉኝ።

«እትዬ፣ በረኛው እንዲራብ ነው» አልኋቸው። የተራበው በረኛ መድኃኒቱን ምግቡ መስሎት ይስበዋል፤ ጨረሩም የነቀርሳውን ሕዋስ ከውስጥ ሆኖ ያጠፋዋል። ይህ በረኛ የሌላቸው ሕዋሳት በአብዛኛው ይተርፋሉ። የጨረሩ ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ለጥቂት ጊዜ ከሕፃናት እንዲርቁ ተደረገ። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ሲጠራቸው፣ አክስቴ ከውስጥ ሆነው ያለቅሱ ነበር።

ነቀርሳ ግን ተንኰለኛ ነው። አንዳንዱ የአዮዲኑን በረኛ ፈጽሞ ያጣዋል፤ ወይም በረኛውን ሠርቶ ከውስጥ ያስቀረዋል እንጂ ወደ ደጁ አያወጣውም። ያን ጊዜ መድኃኒቱ በደጁ ያልፋል እንጂ አይገባም። ሌላው የነቀርሳ ዓይነት የተሰጠውን መድኃኒት መልሶ የሚጥል በረኛ ያበዛል፤ ይህም በ1976 ታውቋል። ስኳርን በስስት ለመውሰድ የስኳር በረኞችን የሚያበዛም አለ፤ ሐኪሞችም በዚሁ ስስቱ የተደበቀበትን ቦታ ይፈልጉታል። የአክስቴ ነቀርሳ በረኞቹን ገና አላጣም ነበርና መድኃኒቱን ተቀበለ። ዛሬ በየማለዳው ኪኒናቸውን ይውጣሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።

እንግዲህ የቤት እመቤቶች ሆይ፣ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈበትን ጨው ምረጡ። ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቃችሁ በክዳን ዕቃ አኑሩት፤ አትጠቡት፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት። መምረጥ እንጂ ማብዛት አያስፈልግም፤ ጨው ሲበዛ የደም ግፊትን ያመጣልና። በጎመን ውስጥ በአዮዲን በረኛ ላይ የሚጋፋ ነገር አለ፤ ነገር ግን አዮዲን ለማይጐድለው ሰው አያስፈራምና በጾም ጎመናችሁን ያለ ሥጋት ብሉ። አንገቱ ያበጠ ሰው በቤታችሁ ቢኖር፣ ይልቁንም እብጠቱ የጠነከረ፣ ድምፁ የሻከረ ወይም መዋጥ ያስቸገረው እንደ ሆነ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አክስቴም ሊጠይቋቸው ለሚመጡት ጎረቤቶች ሁሉ፣ በዚያች በሻከረች ድምፃቸው፣ የሚሰጡት ምክር ይኸው ነው።