ሽምብራው ለምን ዘገየ?

ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት የገባ ተማሪ ከሲኒየሮቹ የሚሰማው አንድ ማስፈራሪያ አለ፦ «ፊዚካል ኬሚስትሪ እስኪመጣ ጠብቅ!» ሌላው በሽምደዳ ይገፋል፣ ፊዚካሉ ግን ካልኩለስ ይዞ ይመጣል። የሚያሳስበው ግን የሚወድቀው ተማሪ ብቻ አይደለም። ኤ አምጥቶ ሳይገባው የሚያልፈውም ሞልቷል።

ከድሬዳዋ የመጣች አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደዚያው እየሄደች ነበር። ኬሚስትሪ በምደባ የደረሳት እንጂ የመረጠችው አይደለም። ቴርሞዳይናሚክስ ሲጀመር ቀመሮቹን ቸከለች፣ የአምናና የካቻምና ፈተናዎችን ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝታ ሠራች፣ ሚድ ላይ ከ30 29 አገኘች። ዴልታ ጂ ኔጌቲቭ ከሆነ ሪአክሽኑ «ስፖንቴኒየስ» ነው፤ አለቀ።

ችግሩ ያለው እዚህችው ቃል ላይ ነው። ተማሪው ቃሉን ሲሰማ በልቡ «ድንገት፣ ወዲያው» ብሎ ይተረጉመዋል። በኮርሱ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ከውጭ የሚገፋው ሳይኖር በራሱ ሊሄድ የሚችል ማለት ነው። መቼ እንደሚሄድ ምንም አይናገርም። አልማዝን ውሰዱ። በክፍል ሙቀትና በተለመደው የአየር ግፊት አልማዝ ወደ ግራፋይት፣ ማለትም እርሳስ ወደሚሠራበት ጥቁር ነገር፣ ቢለወጥ የጊብስ ኢነርጂው በሞል 2.9 ኪሎጁል ያህል ይቀንሳል። በቴርሞዳይናሚክስ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ሆኖም የአልማዝ ቀለበቴ ጠቆረብኝ ብላ ያለቀሰች ሙሽራ የለችም። በመካከል ያለው የኃይል ጉብታ፣ አክቲቬሽን ኢነርጂ የሚሉት፣ በጣም ከፍ ስለሚል ለውጡ በሰው ዕድሜ አይታይም። የጉብታው ነገር ደግሞ የካይኔቲክስ ጉዳይ ነው፤ እሱን የምትማረው በሌላ ሴሚስተር፣ በሌላ ሃንድአውት ነው።

ልጅቷን ያነቃት ግን አልማዝ ሳይሆን ሽምብራ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ያለበት ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዶርም ውስጥ በተደበቀ ምድጃ (ክልክል ነው፤ ግን የሌለበት ዶርም የት አለ?) ንፍሮ ሲቀቅሉ ሽምብራው አልበስል አለ። እናቷ ቤት እኮ በዚያ ሰዓት ተበልቶ ያልቅ ነበር። የዶርሟ ልጅ ምድጃውን ከፍ አደረገችው፤ ውኃው እየተንተከተከ አለቀ እንጂ ሽምብራው ያው ጠጠር ነው።

የአየር ግፊቱ ዝቅ በሚልበት ደጋ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ወደ 96 ይጠጋል። እሳት ቢጨመር እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይህን ጣሪያ የሚወስነው ቴርሞዳይናሚክስ ነው። ከጣሪያው ሥር ሽምብራው ስንት ሰዓት ይፈጅበታል የሚለው ግን የአሬኒየስ ቀመር ጥያቄ ነው፤ ሙቀት ጥቂት ሲቀንስ ፍጥነት ብዙ ይቀንሳል። እንፋሎት የሚያፍን ድስት ያላት እናት ሁለቱን ኮርሶች በአንድ ክዳን ትገላገላቸዋለች።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ጥያቄ ተለወጠ። አሳይመንት ላይ አሞኒያ መጣ። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ሁለት ሞል አሞኒያ ሲሠሩ 92 ኪሎጁል ሙቀት ይወጣል፣ ኢንትሮፒው ደግሞ በኬልቪን 198 ጁል ገደማ ይቀንሳል። አንዱን ለሌላው ስታካፍል 465 ኬልቪን አገኘች፤ ወደ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሲሞቅ ስታንዳርድ ዴልታ ጂ ፖዘቲቭ ይሆናል። ታዲያ ፋብሪካዎቹ ከ400 ዲግሪ በላይ የሚሠሩት ምን ነክቷቸው ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀዝቃዛው ምርቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሪአክሽኑ አይንቀሳቀስም፤ የናይትሮጅን ሦስት እጥፍ ቦንድ እንደዋዛ አይበጠስም። ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 በቤተ ሙከራ ያሳየውን፣ ካርል ቦሽና ባልደረቦቹ በ1913 ኦፓው ላይ በፋብሪካ ያቆሙትን ሥራ ትልቅ ያደረገው ይህን ማስታረቁ ነው። ሙቀቱ ለፍጥነት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ በሙቀቱ የታጣው ምርት በከባድ ግፊት ይካካሳል፤ ብረት ላይ የተመሠረተው ካታሊስት ጉብታውን ዝቅ ያደርጋል። እንዲያም ሆኖ ጋዙ አንድ ጊዜ ሲያልፍ አሞኒያ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። የቀረው ተመልሶ ይዞራል።

ይህ ለእኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈርሟል። ዩሪያ ከአሞኒያ ነው የሚሠራው። «ጋዝ ካለን ማዳበሪያ አለን» የሚል ሰው የዴልታ ጂውን መልስ ብቻ ነው የያዘው፤ ከመሬት በታች ያለ ጋዝ ስንት ዓመት ተኝቶ እንደኖረ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ነገ ካታሊስቱ ሲደክም፣ ሙቀቱ ሲዛባ መሣሪያው ፊት የሚቆመው ዛሬ ይህን ኮርስ በፎቶ ኮፒ የሚያልፈው ተማሪ ነው።

ልጅቷ ጥያቄዋን ይዛ መምህሯ ቢሮ ሄደች። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሏት፤ «ግን እሱ የሚቀጥለው ሴሚስተር ነው። ለፋይናልም አይመጣም።»

ሴሚስተሩን አልጠበቀችም። ከላይብረሪ አትኪንስን አውጥታ ከኋላ ካሉት ምዕራፎች ማንበብ ጀምራለች።