ጅብ ከሄደ ለሚጮኸው ውሻ ጥብቅና

ውሻን የሚያመሰግን ተረትና ምሳሌ በአማርኛ መፈለግ አድካሚ ሥራ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንላለን፤ ጥፋቱን ከጅቡ ላይ አንሥተን በውሻው ላይ እንጭናለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን፤ ከረፈደ በኋላ የሚደነፋውን ሁሉ፣ ሹም ይሁን ተቃዋሚ፣ ምሁር ይሁን ጋዜጠኛ፣ በእነዚህ አራት ቃላት እንሸነቁጠዋለን። እኔም በጽሑፎቼ ምሳሌዋን ደጋግሜ ተጠቅሜባታለሁ። ዛሬ ግን ፖለቲካውን ለጥቂት ጊዜ ትቼ (አንባቢ እንደሚያየው ብዙም አልርቅም) ለውሻው ጥብቅና ልቆም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ አብዛኛውን ቅዳሜዬን የማሳልፈው፣ ከምኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ ወጣ ብዬ በቨርጂኒያ ተራሮች ሥር፣ የጠፋ ሰው ከሚፈልጉ ውሾችና ከአሠልጣኞቻቸው ጋር ነው። ሥራው ደመወዝ የለውም። የቡድኑ አባላት መምህራን፣ ነርሶች፣ አናጢዎችና ጡረተኞች ናቸው፤ የውሻውን ቀለብና ሕክምና፣ የመኪናቸውን ነዳጅ፣ የሬዲዮውን ዋጋ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ሰው ጫካ ገብቶ ሲጠፋ የአካባቢው ፖሊስ ይጠራቸዋል፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይነሣሉ። ሳይጠሩ ግን አይሄዱም። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ መፈለግ አይደለም፤ መጥፋት ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ በወደቀ ግንድ ሥር ተጋድሜ፣ ቅጠል ለብሼ፣ ድምፅ ሳላሰማ እቆያለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በውሻው አንገት ላይ ያለችው ቃጭል ከሩቅ ትሰማለች። ውሻው ሲያገኘኝ ወደ አሠልጣኙ ተመልሶ ይጮኻል፤ መርቶም ያመጣዋል። ያን ጊዜ ተነሥቼ አሻንጉሊቱን እወረውርለታለሁ፤ አወድሰዋለሁ። ለውሻው ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። ተጋድሞ ለሚጠብቀው ሰው ግን ትምህርት ነው፤ የሚፈልገኝ አለ ብሎ ማመን ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚታወቀው እዚያ መሬት ላይ ነው።

የውሻው ጥበብ ምትሐት የለበትም። ከሰው ገላ ዘወትር በዓይን የማይታይ የቆዳ ብናኝ ይረግፋል፤ ጠረኑን ነፋስ ይወስደዋል፤ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ይበተናል። ውሻው ነፋሱን እያቋረጠ ይመላለስና ያን ጠረን ሲያገኝ እየጠበበ ወደሚሄደው ምንጩ ይገሰግሳል። በገደላማ አገር ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ቀን ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ሲበርድ ቁልቁል ይፈስሳል። ስለዚህ ቀን ፍለጋው ከአፋፉ ላይ ይጀመራል፤ በገደሉ ውስጥ ያለው ሰው ጠረን ወደ ውሻው ይመጣለታልና።

ይህን ስማር ሐሳቤ የሄደው ወደ መካነ ሰላም ነው። ቦረና ወረዳን የሚያውቅ አገሩን ያስታውሰዋል፤ ደጋው በድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ በክረምት ጉም አንድ እረኛ ጠፍቶብን ነበር። እሪታ ተጠራ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ችቦ ይዞ ወጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስሙን ስንጠራ አደርን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአንድ ቋጥኝ ሥር በሕይወት ተገኘ። ሲናገር ሌሊቱን ሁሉ ጥሪውን ይሰማ ነበር፤ ነገር ግን ገደሉ ድምፅን ስለሚያስተጋባ ከየት እንደሚጠሩት መለየት አልቻለም። ከዚያ ሌሊት አንድ ነገር ሳይረሳኝ ቀርቷል፤ የመንደሩ ውሾች እየጮኹ እንዳያስቸግሩን ሁሉም ታስረው ነበር።

ስለዚህ የቅዳሜ ሥራዬ ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች። «አንተ ልጅ፣ አሜሪካ የሄድኸው ውሻ ልትጎትት ነው?» አለችኝ። ሰው ሲጠፋ የሚፈልጉ መሆናቸውን አስረዳኋት። «ይከፍሉሃል?» «አይከፍሉም እማ።» «በሌሊትስ ይጠሩሃል?» «ይጠሩናል።» ትንሽ ዝም አለችና፣ «ታዲያ ቅሬ ነው በለኛ!» አለች።

ይህን የእናቴን ፍርድ የሚያሻሽል ትርጓሜ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በብዙ ቦታ ክርስቲያንና እስላም በአንድነት የሚቀባበሩበት ማኅበር። ሰው ሲሞት የሚነግር አለ፤ መቃብር የሚቆፍር አለ፤ የቀረ ይቀጣል። ያለ ደመወዝ፣ ያለ መንግሥት ትእዛዝ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይፈርስ የዘለቀ ሥርዓት ነው። ሙታንን ለመቅበር ይህን ያህል የተደራጀን ሕዝብ፣ በሕይወት ያለውን ለመፈለግ ስንነሣ ግን ያለን እሪታና ችቦ ብቻ ነው። ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል።

ጥያቄው የመካነ ሰላም ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር፣ ቤተሰብ ከማሽኖቹ ጎን ቆሞ ቀናት ጠብቋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ሌሊት በዘነበው ዝናብ መሬት ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ሲነጋ ጎረቤቱና ከአካባቢው የተጠራራው ሰው በእጁና በአካፋው መቆፈር ጀመረ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ናዳ መጣና ሊያድኑ የመጡትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡ ነበሩ።

ልብ እንበል! ውሻ ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይድን ነበር አልልም። ጭቃ እንደ ፈረሰ ሕንፃ አይደለም፤ አየር የሚይዝ ክፍተት አይተውም፤ ከሥሩ በሕይወት የሚገኝ ጥቂት ነው። በማንኛውም አደጋ ቢሆን ከተረፉት የሚበዙትን የሚያወጣቸው የጎረቤት እጅ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ቡድን እስኪደርስ ወሳኞቹ ሰዓታት ያልፋሉ። እንግዲህ የጎፋ ሰዎች መሮጣቸው ትክክል ነበር። የጎደላቸው ፍቅርም ድፍረትም አልነበረም። የጎደላቸው አንድ ሰው ነበር፤ አካፋ ሳይዝ፣ ጀርባውን ለቆፋሪዎቹ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል ቆሞ፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ፊሽካ የሚነፋ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳያቆም ፍርስራሽ ላይ የሚወጣ የሠለጠነ ቡድን የለም። «ሳይጠሩ አይሄዱም» ያልኋት ሕግም ከዚሁ የምትመደብ ናት፤ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ፣ ማን እንደሚጠብቅ ሳይታወቅ አንድም ሰው አይገባም።

የምስክር ወረቀት የሚባለው ነገር ትርጉሙ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ውሻው ሰው በሌለበት ቦታ «ሰው አለ» ብሎ ከጮኸ ይወድቃል፤ የውሸት ጩኸት ቆፋሪዎችን በሕይወት ካለው ሰው ያርቃቸዋልና። ምግብ፣ ልብስ፣ ቆሞ የሚያይ ሰው ሊያዘናጋው አይገባም። አሠልጣኙም አብሮ ይፈተናል፤ ካርታና ኮምፓስ፣ የመጀመሪያ ርዳታ፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ ማቆም እንዳለበት። ለዚህ ፈተና ለመድረስ ዓመት ከመንፈቅ፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ካለፉም በኋላ ወረቀቱ ዘላለማዊ አይደለም፤ ጊዜው ሲያበቃ ሁለቱም እንደገና ይፈተናሉ። በእኛ አገር የምስክር ወረቀት ለተገኘ ሁሉ ይታደላል፤ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ በቂ ነው። ባለሥልጣኖቻችን በየሦስት ዓመቱ ፍርስራሽ ላይ ወጥተው፣ ሰው በሌለበት የጮኸ ይውደቅ ቢባል ስንቱ ይቀር ነበር?

ቀልዱን ትተን፣ በጎ ፈቃድ ከዘመቻ ጋር የተምታታብን ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላኩ ሥራው የሕዝብ፣ ፈቃዱ ግን የበላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡትም መንግሥታት በጎ ፈቃድን በተሰለፈው ሰው ቁጥር ሲለኩት አይተናል። ሲፈተን ያየሁት ግን ጥቂት ነው። የአገሬ ሰው ለወገኑ የመድረስ ፈቃድ አላጣም፤ ጎፋ ምስክር ነው። ያጣነው ፈቃዱን የሚያሠለጥን፣ የሚፈትንና የሚያከብር ሥርዓት ነው።

ይህ ለድሀ አገር ቅንጦት ነው የሚለኝ ካለ ወደ ሜክሲኮ ልምራው። በመስከረም 1978 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን ርእደ መሬት ሲመታት፣ ትላቴሎልኮ በተባለው ሰፈር ተራ ወጣቶች ያለ አንዳች ሥልጠና በፍርስራሹ ውስጥ እየተሽሎከለኩ ሰው አወጡ። ሕዝቡ «ቶፖስ»፣ በእኛ አነጋገር «ፍልፈሎቹ» አላቸው። እነዚያ ወጣቶች አልተበተኑም፤ ማኅበር መሠረቱ፣ ሠለጠኑ፣ በኋላም ባሕር ተሻግረው የሌላውን አገር ሰው ማውጣት ጀመሩ። የአገሪቱ ባሕር ኃይል ውሻ ፍሪዳ ደግሞ በሥራ ዘመኗ 12 ሰዎችን በሕይወት አግኝታለች። በጥር 2015 ዓ.ም. ቱርክና ሶርያ በርእደ መሬት ሲናወጡ ሜክሲኮ ውሾቿን ይዛ ደርሳለች። የጀመሩት ግን በባዶ እጅ ነበር፤ ልክ እንደ ጎፋ።

ውሻ ርኩስ ነው የሚለኝም አይጠፋም። ለዚህ ወሎ ራሷ ሁለት መልስ አላት። በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሎታል። በቁርኣን ደግሞ በዋሻው የተኙት ወጣቶች ውሻ እጆቹን ዘርግቶ ከደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም መጻሕፍት ውሻውን ከጉዞው አላስቀሩትም። ኢትዮጵያውያን ከውሻ ጋር መሥራት አይችሉም የሚለውም ውድቅ ነው፤ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ፈንጂ ከማሳ ላይ ሲጸዳ አነፍናፊ ውሾች ከኢትዮጵያውያን አሠልጣኞቻቸው ጋር ተሰማርተዋል።

እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ይመስለኛል፤ መተማመን ነው። ማኅበራትን ያሽመደመደው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገናል። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ሲጀመር ሌላ ጥያቄ መጣ። ሬዲዮና ባትሪ ይዞ በሌሊት ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ማን ነው ይባላል? አንዱ ለሌላው ሰላይ እንደሚያደርገው አያጠራጥርም። ሁሉም ወገን አውቆት፣ ፊቱንና ሥራውን ለይቶት፣ «ይህ የጠፋ ሰው የሚፈልግ ነው» ብሎ የሚያሳልፈው አካል ያስፈልጋል። ይህን ክብር በአገሬ ሳይነፈግ የቆየ አንድ ተቋም ቢኖር ቅሬ ነው፤ ቀባሪን የሚያስቆም ጦር ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ትልቅ አይደለም። ውሻ ከውጭ ይግባ አልልም። በየቅሬው አምስት አምስት ሰው ይመረጥ፤ ከቀይ መስቀል የመጀመሪያ ርዳታ ይማር፤ የገደሉን ነፋስ ከእረኞቹ ያጥና፤ ሰው ሲጠፋ ማን እንደሚጠራ፣ ማን ስም እንደሚመዘግብ፣ ማን ተራራውን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይወሰን። ሲፈለግም ሁሉም በአንድ ጊዜ ከመጮህ፣ ጠርቶ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይለመድ። በዓመቱ ይፈተኑ፤ የወደቀ እንደገና ይማር። ውሻው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ከበጎች በረት አጠገብ የሚያድገው የራሳችን ቡችላም ቢሆን ይህን መማር የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ምሳሌያችን ስመለስ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ እንደ ፈሪ መቁጠር ለምደናል። ፍርስራሽ ላይ የሚሠራው ውሻ ግን ሁልጊዜም የሚጮኸው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። ናዳው ወርዷል፤ ሕንፃው ፈርሷል፤ ጥፋተኛው ተሰውሯል። ውሻው የሚጮኸው ከሥር የሚተነፍስ ሰው ስላለ ነው። በአገራችን ጅቡ ስንት ጊዜ መጥቶ እንደ ሄደ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሥር የሚተነፍስ መኖሩን የሚሰማ ግን ያስፈልገናል።

ቸር ያሰማን።